ቆርቆሮው እስኪጮህ

ሲስተር ጵርስቅላ የደም ሥር የምታገኘው እንደ ሌላው ነርስ ክንድ አስራ፣ መታ መታ አድርጋ፣ ወደ ብርሃን አዙራ አይደለም። ታማሚው ገና የግቢው በር ላይ ሳለ ከሩቅ አይታ ጨርሳለች። ከጊንጆ እስከ መንደራ ቆጪ መርፌዋን ቀምሶ «አመመኝ» ያለ ሰው አልተወለደም፤ ሕፃናት እንኳ ተወግተው ካበቁ በኋላ መቼ ነው የምንወጋው ብለው ይጠይቃሉ። የምትሠራበት የጅማ ሆስፒታል የአጥንት ክፍል አልጋዎች ከበሩ ተነሥተው እስከ መስኮቱ ሲደረደሩ ጫፋቸው ጉም የሚለብስ ይመስላል። እሷ ግን እያንዳንዱን ታማሚ ከነአያቱ፣ ከነሰፈሩ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ሳይቀር ታውቀዋለች።

እንዲህ ያለችው ሴት ያን ማክሰኞ ጠዋት ከአባቦራ አልጋ ሥር የሽንት ፕላስቲኩን አንሥታ፣ ዓይኗን ሳታምን ወደ ብርሃን አዞረችው። ፕላስቲኩ ደረቅ ነበር።

«አባቦራ፣ ሌሊቱን ምንም አልወጣዎትም?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ያለው ድምፅዋ በዚያ ክፍል ውስጥ ግራና ቀኝ ያሉትን አልጋዎች ሁሉ ያዳርሳል።

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ ጣሪያውን እያዩ። ልጄ ማለታቸው ነው።

የጠየቀችው ሌላ፣ የመለሱላት ሌላ።

አባቦራ የሰቃ ሰው ናቸው። ሰቃ ላይ ሁለት ቤተሰብ በወሰን ተጣልቶ እሳቸው ዛፍ ሥር ከተቀመጡ፣ ወፍ እንኳ ድምፅዋን ቀንሳ ነው የምታልፈው። እሳቸው ሲመጡ ከመቀመጫው ያልተነሣ ሰው ካለ ወይ አላያቸውም፣ ወይ እግር የለውም። እኚህን ሰው ነው ጓሮ ውስጥ ጭቃ አዳልጧቸው የጭን አጥንታቸው የተሰበረው። እግራቸው ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ በገመዱ ጫፍ ክብደት ተንጠልጥሎበት፣ አጥንቱ እስኪገጥም ለሳምንታት ከአልጋ መውረድ የለም። መብላት እዚያው፣ መታጠብ እዚያው፣ ሌላውም እዚያው።

ከቅዳሜ ወዲህ ደግሞ ቀን ቀን ውሃ አይቀምሱም። «የረመዳን ቀዳ አለብኝ» ነው ያሉት፤ በረመዳን ያመለጡኝን ቀናት እየጾምሁ ነው ማለታቸው ነው። ጵርስቅላ «የታመመ ሰውማ ይፈቀድለታል ሲሉ እሰማለሁ» ብትል፣ «ስለ ጾሜ አንቺ አትጨነቂ» አሏትና ዘጉት። ጵርስቅላ ጴንጤ ናት፤ ከዳውሮ መጥታ፣ ጅማ ተምራ፣ ጅማ የቀረች። አንዲት ጴንጤ ነርስ የትልቅ ሰው ጾም አስፈታች ቢባል ወሬው ከሆስፒታሉ በር ሳይወጣ ሰቃ ደርሶ፣ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ አክብራ ዝም አለች። እንዲያውም እንዳያስጎመጃቸው ብላ የውሃውን ኮዳ ከአጠገባቸው አንሥታ ሩቅ፣ መስኮቱ ላይ አኖረችው። በዚህ አሠራሯ በልቧ ኮርታ ነበር።

ዶክተር አብሳሎም ለጠዋቱ ራውንድ ገባ። ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፤ ሲራመድ ጋውኑ ከኋላው ዘግይቶ ይደርሳል። አባቦራ ጋ ሲደርስ አንሶላውን በሰው ሁሉ ፊት ገለጠና ከእምብርታቸው በታች ጫን አደረገ። አባቦራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጵርስቅላ አንሶላውን እስከ ደረታቸው መልሳ ሳበችው።

«ፊኛቸው ተወጥሯል» አለ ዶክተሩ። «ከንፈራቸውን ደግሞ እዪው፣ ተሰነጣጥቋል። ኩላሊታቸው ከተጎዳ እግሩን ማዳናችን ምን ይፈይዳል? ግሉኮስ ይሰካላቸው።»

«ጾም ያስፈታል ብለው እንቢ ብለዋል፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልሸኑ የሽንት ቱቦ ይግባላቸው።»

አባቦራ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ። «ቱቦ የለም። አብዱልሰመድን ጥሩልኝ። ወጌሻ ዘንድ እሄዳለሁ።»

አብዱልሰመድ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፤ አባቱ ውጣ ቢሉት ሰማይ የሚወጣ፣ ውረድ እስኪሉት እዚያው የሚቆይ። ስልክ ተደወለለት። መኪና ለምኖ ከሰዓት እንደሚደርስ ተናገረ። ያ እግር ከክብደቱ ወርዶ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲነጥር ለጵርስቅላ ታያት። የተሰበረው አጥንት ጫፍ ሥጋ ውስጥ ሲዞር የሰማችው መሰላት። ከደረሱስ በኋላ? ወጌሻው እግሩን ይሸው ይሆናል፤ ኩላሊት አያሽም።

«ሲስቱ» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ ጋ መጣ። ፋሂም ነው፤ የመንደራ ቆጪው ባጃጅ ነጂ፣ አርባን ያለፈ፣ ክንዱ በጀሶ፣ ምላሱ በሙሉ ጤንነት ላይ ያለ። «እኔን ደግሞ መዝኚኝ። ወላሂ ወፍሬያለሁ። ማታ ማታ የአባን ሾርባ የምጠጣው እኮ እኔ ነኝ።»

«የትኛውን ሾርባ?»

«አብዱልሰመድ ለማፍጠሪያ የሚያመጣላቸውን። ልጁ ሲወጣ ወደኔ ይልኩታል። ቴምሩንም ጭምር። እንቢ ልል ነበር፤ ግን ትልቅ ሰው እንቢ ይባላል?»

ጵርስቅላ የአከራይዋ ማፍጠሪያ ትዝ አላት።

ጊንጆ የምትኖረው ሳቢሃ ከምትባል ሴት ቤት ተከራይታ ነው። ሳቢሃ በጾሟ ቀን ሙአዚኑ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ቴምሩን በጣቶቿ ይዛ ትጠብቃለች፤ «አላሁ» ከማለቱ ፍሬው ጠፍቷል። የጾመ ሰው ለመግሪብ፣ ለፀሐይ መጥለቂያው ጸሎት፣ ይቸኩላል። ቀኑን ሙሉ ደርቆ ውሎ መግሪብ ሲደርስ ሾርባውን ወደ ጎረቤት አልጋ የሚልክ ሰው ጾመኛ አይደለም። የሚፈራው ነገር አለ፤ የሚፈራውም የገባ መውጣቱን ነው።

ቅዳሜ ምን ሆነ? ጵርስቅላ ዞር ስትል ከአባቦራ አልጋ አጠገብ ሙሐመድሳኒ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ ተኝቷል። ነቅቶ እንደተኛ ከትከሻው ታውቃለች።

ሙሐመድሳኒ የአባቦራን ልጅ ማሂራን ያገባ ነው። አማቱን ሊጠይቅ ዶሮ ሞተር ላይ አስሮ ሲመጣ ጭቃ ጣለውና ቅልጥሙ ተሰበረ። ዶሮዋ ምንም አልሆነችም፤ በዚያው ሄዳ ዛሬ አንድ ቀበሌ የሚሞላ ጫጩት አፍርታለች ይባላል። መጀመሪያ ያስተኙት በሩ አጠገብ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ጵርስቅላ ዝምድናቸውን ስትሰማ «ዘመድ ከዘመዱ ተለይቶ ይታመማል እንዴ?» ብላ፣ ራሷ አልጋውን ገፍታ፣ ከአባቦራ አልጋ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስጠጋችው። እንዲጫወቱ ብላ። አንድ ቃል አልተጫወቱም። ሙሐመድሳኒ እሑድ ጠዋት «ሲስተር፣ መስኮቱ ጋ ቦታ አይገኝም ይሆን?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «አማትህ አጠገብ ሆነህ መስኮት ያምርሃል?» ብላ ቀለደችበት። ልጁ ምራቁን ዋጠ።

አማች። በኦሮምኛ ሶዳ ይሉታል። አባቦራ ሙሐመድሳኒን አንድ ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ እሱም እሳቸው ፊት ጎርሶ አያውቅም። ዳውሮስ ቢሆን ከዚህ ይለያል? የገዛ እናቷ አማቷ ባሉበት ውሃ ስትጠጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ይህን እያየች ያደገች ሴት ናት ሁለቱን ሰዎች ጆሮ ለጆሮ ያጋደመችው። እኚህ ሰው በአማቻቸው ጆሮ ሥር ፕላስቲክ ውስጥ ሊሸኑ! ከዚያስ ሞትን ይመርጣሉ። እየመረጡም ነበር።

አሁን ሙሐመድሳኒን ድንገት አንሥታ ብትወስደው፣ ሐኪሙ ስለ ሽንት ባወራ በደቂቃው፣ ክፍሉ በሙሉ ምክንያቱን ያውቀዋል። ያን ጊዜ አባቦራ ቱቦ ሳይገባላቸው፣ መኪና ሳይመጣ፣ ከነነፍሳቸው አለቁ ማለት ነው።

ኮሪደሩን አቋርጣ ዶክተሩን ደረሰችበት።

«ዶክተር፣ ለሙሐመድሳኒ ራጅ ይደገምለት።»

«ምን ሆነ?»

«እሱ ምንም። ለአባቦራ ነው።»

ዶክተር አብሳሎም አያት። «ለአንዱ ራጅ የሚነሣው ሌላው ሰው ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እነግርሃለሁ። እስከዚያ ቱቦውን ተወው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ግን፣ ሲስተር…»

«አውቃለሁ።»

ፈረመላት። ከምሳ በኋላ ሙሐመድሳኒ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወጣ። ጵርስቅላ በርጩማ ስባ በአባቦራ ራስጌ ተቀመጠች። ቆማ አይደለም፤ ዓይኗ ከዓይናቸው ዝቅ እስኪል ተቀመጠች።

«አባቦራ፣ ቅዳሜ አንድ ጥፋት አጠፋሁ።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ሰው ከማን አጠገብ መተኛት እንደሚሻ ሳልጠይቅ አስተኛሁ።»

ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፤ የሙቀት ላብ አይደለም።

«ትናንት ሌሊት ሰው አልተኛም» አሉ በመጨረሻ። «በሩ ጋ ያለው አዲሱ ልጅ ሲያቃስት፣ ሁሉም ነቅቶ አደረ።»

ገባት። ከዚያ በፊት ባሉት ሌሊቶች ክፍሉ በሙሉ እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቀው፣ በብርድ ልብስ ሥር፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ነበር የከረሙት። ትናንት ግን ያ ቀዳዳ ተዘጋ።

«በመጋረጃ እከልልዎታለሁ። እሱም ራጅ ሄዷል።»

«መጋረጃ ዓይን ይከለክላል፣ ኢንታላ ኮ።» ቀሪውን አልተናገሩትም። ጣሪያውን አዩ። «ይህ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ይጮሃል አይደል?»

«ይጮሃል፣ አባቦራ።»

«እንግዲህ ዝናቡ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ጾሜን ልፈታ እችላለሁ።»

«ቶሌ» አለች። እሺ ማለቷ ነው።

የጅማን የክረምት ዝናብ የማያውቅ ሰው ይህን ቃል ቀላል አድርጎ ያየዋል። የጅማ ዝናብ ከምሳ በኋላ ሲመጣ ሰዎች ሰዓታቸውን በእሱ ይሞላሉ። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ሆነው በስልክ ካልተደዋወሉ አይሰማሙም። ትናንት መጥቷል፣ ከትናንት ወዲያም መጥቷል፤ ሐምሌ ከገባ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።

የዚያን ቀን ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቶ ዋለ።

ጵርስቅላ መድኃኒት ትሰጣለች፣ መስኮት ታያለች። ቁስል ትጠርጋለች፣ መስኮት ታያለች። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ከኮረብታው ጀርባ አንድ ጥቁር ደመና ብቅ አለ። ደመናው ከተማዋን አይቶ፣ አስቦ፣ ወደ አጋሮ ሄደ። ከራጅ ክፍል ደግሞ መብራት እንደጠፋና ታማሚዎች እየተመለሱ እንደሆነ ተነገራት። አባቦራ አሁን የአልጋውን ብረት ጨብጠው ነበር፤ ጣቶቻቸው ነጥተዋል።

የክፍሉን ተጣጣፊ መጋረጃ ሌላ ክፍል ተውሶት ከወሰደው ቆይቷል፤ መመለሱን ያየ የለም። ስለዚህ ሁለት የግሉኮስ መስቀያ አምጥታ፣ በመካከላቸው አንሶላ ወጥራ በፕላስተር አጣበቀችው። በወዲያም በኩል ሌላ አንሶላ። ደግ አደረግሁ ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ አልጋ፣ ያ ሁሉ አስታማሚ፣ አንድ አዲስ ነገር ሲሠራ አይቶ ወሬውን አቁሞ አንሶላውን ማየት ጀመረ። ዝንብ ስታርፍ እግሯ ይሰማ ነበር።

በዚያ ጸጥታ መካከል አብዱልሰመድ ሁለት ሰዎችና አንድ ቃሬዛ አስከትሎ በሩ ላይ ቆመ።

«አባ፣ መኪናው መጥቷል።»

«ውጭ ጠብቅ» አለችው ጵርስቅላ፣ ሮጣ ደርሳ። «ሰውነታቸውን እያጠብኋቸው ነው።»

«እኔ ልጃቸው ነኝ እኮ፣ ሲስተር።»

«ለዚህ ነው ውጭ ጠብቅ ያልሁህ።»

ወደ አንሶላው ተመለሰች። ዘጠኝ ሊሞላ ነው። አባቦራ በሹክሹክታ «ዝናቡስ?» አሉ።

«መንገድ ላይ ነው» አለች። ሕይወቷን ሙሉ ለታማሚም ለአስታማሚም ዋሽታ አታውቅም፤ በደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ዋሸች።

ራሷን በአንሶላው ጠርዝ አወጣችና ፋሂምን አየችው። «ፋሂም፣ ያ የአጋሮው ጉዞህ እንዴት ነበር? እዚህ ድረስ እንዲሰማኝ አድርገህ ንገረኝ።»

ፋሂም አንሶላውን አየ። እሷን አየ። ወደ በሩ፣ ወደ ቃሬዛው አየ። ከዚያ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሙኝ» አለ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። «ከአጋሮ ሠርገኛ ጭኜ ስመጣ ነው። ሙሽራው ከኋላ፣ ሚዜዎቹ ከኋላ፣ አማቶቹ ጣሪያው ላይ። ቦታ ሲጠፋ በሬውን ከፊት፣ አጠገቤ አስቀመጥሁት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንቢ አለ። ምን ላድርግ? አንዱን አይሱዙ ቀደምሁ፣ ሁለተኛውን ቀደምሁ…»

«ባጃጅ አይሱዙ ቀደመች?» አለ አንዱ ከወዲያ።

«ቀደመች ብቻ? ሾፌሩ ወርዶ ተማረ።»

ሳቁ ከአንድ ጥግ ተነሣ። «በሬውስ ቀበቶ አስሮ ነበር?» አለች አንዲት አስታማሚ። «እኔ አንተን አንድ ቀን ዳገት ላይ ገፍቼሃለሁ» አለ ሌላ። ይሁን እንጂ ለአባቦራ ይህ ገና አልበቃም። ጵርስቅላ ፕላስቲኩን አንሶላ ሥር አድርጋ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆማለች፤ ምንም የለም። አንድ ሰው ቢያስል፣ ሁሉም ለመስማት ዝም ቢል፣ አለቀ።

በዚህ ጊዜ ከበሩ አንድ ድምፅ መጣ። ከቅዳሜ ጀምሮ ከምራቁ በቀር ምንም ሲውጥ ያልተሰማው ሙሐመድሳኒ፣ ከራጅ ክፍል ተመልሶ፣ ክራንቹን ተደግፎ ከአብዱልሰመድ ጎን ቆሟል። የተወጠረውን አንሶላ አይቷል፤ አልገባም። ዞር ብሎ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጠና፣ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ እንዳደረገ፣ የክራንቹን ጫፍ ሲሚንቶው ላይ ይደልቀው ጀመር።

«ወላሂ ይህ ሰውዬ ይዋሻል» አለ፤ በእያንዳንዱ ቃል አንድ ዱላ። «በሬ ባጃጅ ፊት አይቀመጥም። ቀንዱስ? ቀንዱ የት ገባ?»

«በመስኮት ነዋ የወጣው፤ ቀንዱን ፍሬቻ አድርጌው ነው የታጠፍሁት» አለ ፋሂም።

ክፍሉ ፈነዳ። እግሩ የተሰበረው በእጁ፣ እጁ የተሰበረው በእግሩ የአልጋውን ብረት ይደበድባል። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረው ልጅ እንኳ «ግራ ወይስ ቀኝ?» ብሎ ጮኸ። የዚያን ቀን ጩኸት ሰቃ ድረስ ተሰምቶ ፍየሎች ከሣር ቀና ብለዋል ይባላል። ከአንሶላው ወዲህ ግን ጵርስቅላ የሰማችው አንድ ትንሽ ቃል ብቻ ነው።

«ቢስሚላህ።»

ከዚያ በእጇ የያዘችው ፕላስቲክ ሞቀ። ከበደ። ከበደ። ሳትዞር፣ ትንፋሿን ሳትለቅ ቆመች። ከበደ።

በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና፣ በጀርባ በኩል ወጥታ ለዶክተር አብሳሎም አሳየችው። ጠቆረ ያለ ሻይ ይመስላል። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ፣ ፕላስቲኩን አየ፣ ከክፍሉ የሚመጣውን ሁካታ አዳመጠ።

«ቀለሙ አያምርም» አለ። «ደማቸው ይመርመር፣ ኩላሊቱ ምን እንደሆነ ነገ እናያለን። አሁን ውሃ፣ ብዙ ውሃ። ቱቦውን ትቼዋለሁ።» ከዚያ ጨመረ፦ «ራጁ ገባኝ።»

ነገ ማለቱ እንደ እሾህ ወጋት። ቢሆንም እጇን ታጥባ፣ ከመስኮቱ ላይ ኮዳውን አንሥታ ተመለሰች።

አባቦራ ፊታቸው ላይ ደም መልሷል። አብዱልሰመድ ራስጌያቸው ቆሞ ነበር።

«መኪናው ይመለስ» አሉት። «ጾሜን ፈትቻለሁ። ለታመመ ሰው ተፈቅዷል።»

አብዱልሰመድ ጵርስቅላን በጥርጣሬ አያት። እሷ ግን ወደ ፋሂም ዞራ እየተቆጣች ነበር። «አንተ ክፍሉን በጠበጥኸው። ና ከአባቦራ አጠገብ ተኛ፤ እዚያ አደብ ትገዛለህ። ሙሐመድሳኒ፣ አንተ ወደ መስኮቱ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ፣ ሲስቱ?» አለ ፋሂም፣ ትራሱን ብብቱ ሥር እያደረገ። ሙሐመድሳኒ ምንም አልጠየቀም። በአማቱ አልጋ አጠገብ ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አደረገ። አባቦራም ፊታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዳደረጉ «ለማሂራ ሰላም በልልኝ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት ሳይለይ፣ ሁሉም ሳይሰማ።

ጵርስቅላ ኩባያውን ሞልታ ሰጠቻቸው። በአንድ ትንፋሽ ጠጡት። አንሶላውን ልታወርድ ፕላስተሩን መላጥ ስትጀምር፣ ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ኳ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የጅማ ሰማይ ከነቋቱ ተገለበጠ፤ ፋሂም አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እንጂ ድምፁ የለም።

አባቦራ ጣሪያውን አዩ። እሷን አዩ። አጎንብሳ ጆሮዋን እስክታስጠጋ ጠበቋት።

«አሁን መጣ?»

«አሁን መጣ፣ አባቦራ።»

ባዶውን ኩባያ ዘረጉላት። «ጨምሪልኝ፣ ኢንታላ ኮ። ይህ ሁሉ ጩኸት በከንቱ አይሂድ።»

ጨመረችላቸው፤ የላጠችውንም ፕላስተር መልሳ ለጠፈችው።